መንገድ መሀል ያረፈው ጣራ

ትናንት አሶሳ ላይ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ሲወርድ፣ ሁለት ጎረምሶች አንድ ቆርቆሮ ተሸክመው በበራችን ሲያልፉ ደረሰባቸው። ሮጠው መጠለል ሲችሉ ቆርቆሮውን አናታቸው ላይ እንደያዙ ቆመው ወሬ ጀመሩ። ብቻዬን ሳቅሁ። ልጆቼ «እማዬ አረጀች» ይበሉ እንጂ እኔስ የሳቅሁበትን አውቃለሁ።

የአያታችን ቤት ከአሶሳ ወጣ ብሎ ሆሞሻ ነበር። «ሀቦባ» እንላታለን። ማንጎ ሲደርስ እኛም እዚያ ነን። ግድግዳው ቀርከሃ፣ ጣራው ሣር፤ ውጭው ሲነድ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ማንጎ ጣራው ላይ ዱብ ሲል እኔና እህቴ ተገፋፍተን እንወጣለን። ዛሬ ገበያ ላይ ማንጎ ስመርጥ እንኳ ያ ድምፅ ትዝ ይለኛል።

ችግሩ ምስጥ ነው። «የሆሞሻ ምስጥ ቆመህ ካወራህ እግርህን ይጀምርልሃል» ትል ነበር ሀቦባ። አንድ ዓመት ግድግዳዋን ጨረሰው። በእኛ አገር ግን ግድግዳ ተበላ ተብሎ ጣራ አይጣልም። ሌላ ቦታ አዲስ ግድግዳ ይተከልና፣ ጎረቤት በደቦ ተጠራርቶ ጣራውን እንዳለ ተሸክሞ ይወስደዋል። የሀቦባ አዲሱ ግድግዳ የተተከለው ከመንገዱ ማዶ ነበር።

አጎቴ ሙሳ ይህ አልተዋጠለትም። አሶሳ የሚነግድ፣ ባለ ቆርቆሮ ቤት ሰው ነው፤ እናቱን አጠገቡ ማኖር ይፈልጋል።

«እማ፣ ይሄ ጣራ አርጅቷል። ሲነሳ ይበተናል» አላት።

«ከተበተነ አንተ ጋ እመጣለሁ። ካልተበተነ ግን ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ።»

«እሺ።»

እኔ ግን ጨነቀኝ። እሷ አሶሳ ከገባች ሆሞሻ ማን ጋ ልንሄድ ነው? ሌሊቱን ሙሉ ያንን ጣራ እያየሁ ለመንሁት ማለት ይቻላል።

በነጋታው ወንዶቹ ከሥሩ ገብተው «ያ አላህ!» ብለው አነሱት። ቤቱ እግር አብቅሎ ተራመደ። ሀቦባ ዱላዋን ይዛ ከፊት ከፊት እየሄደች «ወደ ቀኝ! ቀስ!» ትላለች። አጎቴም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር፤ እውነት ለመናገር ከሁሉም ይልቅ ተጠንቅቆ የያዘው እሱ ነው። ቢሸነፍም የእናቱ ጣራ ነዋ።

መንገዱ መሀል ሲደርሱ ሰማዩ ተቀደደ። ሣሩ ውኃ ጠጥቶ ከበደ፤ አንዱ ማገር ቋ አለ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አውርዱት!» አለች ሀቦባ።

እዚያው መንገዱ ላይ አወረዱት፤ ተሸካሚዎቹም ከጣራው ሥር ቀሩ። እኛ ልጆች በደረታችን እየተሳብን ገባን። ለደቦው የተሠራው ገንፎና የባምያ ወጥም በሴቶቹ እጅ ተከትሎን ገባ። ወዲያው ጥሩምባ ሰማን።

«ኧረ መንገድ ላይ ቤት የሠራው ማነው?» ይላል አንድ የጭነት መኪና ሾፌር።

ሀቦባ የጣራውን ሣር ጫፍ በዱላዋ ብድግ አድርጋ፣ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» በምትልበት አማርኛዋ፣ «አንተ ልጅ፣ ዝናብ ነው። ግባ፣ ብላ» አለችው። ሰውዬው ትንሽ አንገራገረና ተንበርክኮ ገባ። ገንፎውንም ከሁላችን በላይ በላ።

ዝናቡ ጣራው ላይ ይወርዳል። ሀቦባ ወደ ልጇ ዞረች።

«ሙሳ፣ ጠብ አለብህ?»

የእሱ ቆርቆሮ እንደሚያፈስ፣ በየክረምቱ ባልዲ እንደሚደረድር ያልሰማ ዘመድ የለም። አጎቴ ቀና ብሎ አየ፤ አናቱን ዳበሰ፤ ደረቅ ነው።

«አላለብኝም» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያው ብላ። ገና ታነሳዋለህ።»

ዝናቡ ሲያባራ ሾፌሩ ሳይቀር ትከሻውን ሰጥቶ፣ ጣራው ሳይበተን አሻገሩት። ከዚያ በኋላ አጎቴ ስለ አሶሳ ትንፍሽ ሳይል፣ ሀቦባ እስከ ዕለተ ሞቷ እዚያው ጣራ ሥር ኖረች። ዛሬ ቤቱም የለም፤ ምስጡ በመጨረሻ አሸነፈ። ትናፍቀኛለች።

ታዲያ ትናንት በሩን ከፍቼ «ልጆቼ፣ ቤት ግቡ እንጂ» አልኳቸው ጎረምሶቹን።

«ቤት ውስጥ ነን እኮ፣ እማማ» አለኝ አንደኛው እየሳቀ።

ሀቦባ ብትሆን የምታደርገውን አውቅ ስለነበር ማንጎ በሳህን ይዤ ወጣሁና እኔም ከቆርቆሯቸው ሥር ገባሁ።