የዘይነብ ቀኝ እጅ

ባለፈው ሳምንት ስኳሬን ለመታየት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ከሚገኘው ቤቴ አጠገብ ወዳለች ትንሽ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ደሜን የምትቀዳው ልጅ አዲስ ነበረች። ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ፤ መርፌውን ከማንሳቷ በፊት ጓንቷን አጥልቃ አወለቀች፣ ክንዴን አስራ ፈታች፣ ደግማ አሰረች። ከኋላዋ የቆመችው አለቃዋ "ቀስ በይ፣ ማንም አያባርርሽም" አለቻት። ልጅቷ ላቧን በትከሻዋ ጠረገችና "ይቅርታ እማማ፣ አዲስ ስለሆንኩ ነው" አለችኝ። እኔ ግን ክንዴን ረስቼ ጣቶቿን ነበር የማየው። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ላቦራቶሪ ውስጥ አዲስ ገቢዎችን በማስተማር ነው፤ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ከሰው ፊት በፊት እጅ አያለሁ። እጅ ሳይ ደግሞ አንዲት ልጅ ትመጣብኛለች።

በጃንሆይ ዘመን፣ ትምህርቴን በጨረስኩበት ዓመት፣ ከዚራ በሚባለው የከተማችን ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ አንበጣ የሚጠናበት ላቦራቶሪ ተከፈተ። ላቦራቶሪ ይባል እንጂ ቀድሞ የአንድ ነጋዴ መኖሪያ የነበረ፣ ዙሪያውን በረንዳ ያለው፣ ግድግዳው ወፍራም ቤት ነው። ሳሎኑ ውስጥ ወንበርና ምንጣፍ በነበረበት ቦታ የሽቦ ወንፊት የተወጠረባቸው ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ በሳጥኖቹ ውስጥ አንበጣ ይረባል። በልጅነቴ የአንበጣ መንጋ የሐረርን ማሽላ ጠርጎ ሲሄድ አይቻለሁ። ገበሬዎቹ ቆርቆሮ እየደበደቡ ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ያንን ፍጥረት ሰው ሣር እያቀረበ ሲቀልበው ሳይ እብደት መሰለኝ።

የቤቱ ኃላፊ ሁላችንም "ዶክተሩ" የምንላቸው፣ አንገታቸው በፀሐይ የቀላ የውጭ አገር ሰው ነበሩ። መርዝ ሳይረጭ አንበጣን የሚጨርስ አንድ ዓይነት ሻጋታ አለ ብለው ያምኑ ነበር። ሻጋታውን ለመፈተን ጤነኛ ኩብኩባ፣ ማለትም ገና ክንፍ ያላወጣ አንበጣ፣ በብዛት ያስፈልጋል። ኩብኩባውን የሚያስፈለፍል፣ የሚመግብና የሚመዝን ሰውም ያስፈልጋል። ለዚህ ሁለት ልጆች ቀጠሩ፤ እኔንና ዘይነብን።

እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ዘይነብ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ከመጋላ ሰፈር ነበረች። አባቷ አባባ ዩሱፍ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ እሷም ያደገችው ከስፌት መኪናው ሥር ነው። ቤቷ ኦሮምኛ፣ ከጎረቤት ሶማሊኛ፣ ከእኛ ጋር አማርኛ ትናገራለች፤ ስትቸኩል ሦስቱንም ባንድ ላይ ታወርዳቸዋለች። ጠዋት ደረቁን የደቻቱን አሸዋ አቋርጣ ስትመጣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ፈጢራ፣ ማር የፈሰሰበት ስስ ቂጣ፣ ይዛ ነበር፤ ማሩ ወረቀቱን አልፎ ጣቶቿን ያጣብቀዋል። "አቦ ቶሎ ብዪ፣ አቶ ይልማ ሳይመጡ!" ትለኛለች። በረንዳው ላይ ቆመን ተሻምተን እንበላና እጃችንን በሳሙና ፈትገን እንገባለን። ያ በረንዳ ጠዋት ላይ እንዴት ያለ ቦታ እንደነበር ልናገር ብል አልችልም። ፀሐይዋ ገና አልከረረችም፤ ጋሪዎቹ እየተንቀጫቀጩ ወደ ቀፊራ ገበያ ይወርዳሉ፤ ከጣቢያው የባቡሩ ፉጨት ይሰማል። ሁለታችንም ዕድሜያችን ገና ነው፤ ነጭ ካፖርት ለብሰናል።

አቶ ይልማ አስተማሪያችን ነበሩ። ከደጋ የመጡ፣ በዚያ ሙቀት እንኳ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። "ትምህርት ቤት የተማራችሁትን ጭንቅላታችሁ ይያዘው። እኔ የማስተምረው እጃችሁን ነው" አሉን ገና በመጀመሪያው ቀን። ከዚያ ለብዙ ጊዜ ዕቃ ከማጠብ በቀር ምንም አላስነኩንም። በንጹሕ ብርጭቆ ላይ ውሃ እንደ ስስ ሻሽ ተዘርግቶ ይወርዳል፤ ጠብታ እየሠራ ከቆመ ግን ቅባት አለው ማለት ነው፣ እንደገና ይታጠባል። ቀጥሎ የብርጭቆ ቱቦ መቁረጥ መጣ። በሞረድ አንዴ ይጫራል፣ ጭረቱ ወደ ውጭ ይዞራል፣ አውራ ጣቶች ከጀርባው ይገጠማሉ፣ ከዚያ እንደ መሳብም እንደ ማጠፍም አድርጎ መልቀቅ ነው። የተቆረጠው ጫፍ በስፒርቶ እሳት ላይ እየዞረ ስለቱ ይሞታል። የጋለ ብርጭቆ ከቀዘቀዘው ስለማይለይ ከማንሳታችን በፊት የእጃችንን ጀርባ አስጠግተን ግለቱን እንለካለን። ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ በአፋችን ስበን በሌባ ጣታችን እንይዛለን፤ ዛሬ ይህንን ለወጣቶች ስነግራቸው ይዘገንናቸዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ቱቦን የጠርሙስ አፍ በሚዘጋ የጎማ ውታፍ ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት ነበር። አቶ ይልማ ይህንን ሲያስተምሩ ፊታቸው ይለወጣል። "አርጥቡት። በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙት። ከውታፉ አጠገብ እንጂ ከሩቅ እንዳትይዙት። እንዳትገፉት፣ አዙሩት።" ይህንን ተኝተንም እስክንለው ድረስ ያስደግሙን ነበር።

እኔ ቱቦ ሰባበርኩ፣ ጣቴን አቃጠልኩ፣ መራራውን ፈሳሽ ዋጥኩ። ዘይነብ ግን ስታየው ተማረችው። ቱቦው በእጇ እንደ ክር ነበር የሚበጠስላት። ገና የተፈለፈለ፣ ከስንዴ ቅንጣት ብዙ የማይበልጥ ኩብኩባ በወረንጦ አንስታ እግሩ ሳይቀነጠስ ሚዛን ላይ ታስቀምጠዋለች። አንዳንድ ጊዜ ዶክተሩ ሥራቸውን ትተው ከኋላዋ ይቆማሉ። አንድ ቀን እንደዚያ ቆመው ከቆዩ በኋላ አቶ ይልማን በረንዳ ላይ ጠርተው አነጋገሯቸው። አቶ ይልማም አባባ ዩሱፍ ቤት ሄዱ። ዘይነብ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ትላክ እንደሆነ ለመጠየቅ ነበር። አባቷ ብዙ ቀን ሲያቅማሙ ቆዩና በመጨረሻ "እሺ፣ ከዝናቡ በኋላ ትሂድ" አሉ። ያን ዕለት ዘይነብ እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "ወላሂ ሲያዩኝ እጄን ነው ያዩት! ሰው እጄን አይቶ አገር ሊያሻግረኝ!"

ግንቦት መጣ። የድሬዳዋን ግንቦት ለማያውቀው ሰው እንዴት እንደምነግረው አላውቅም፤ ግድግዳው ራሱ ይተነፍሳል፣ የቧንቧ ውሃ እጅ ያቃጥላል። የአንበጣው ዕንቁላል እርጥብ አሸዋ በተሞላ ማሰሮ ውስጥ ነበር። እንዳይደርቅ በውሃ ጠርሙሶች ውስጥ ያለፈ እርጥብ አየር ቀን ከሌት ይነፋበታል፤ ቤቱ በጠርሙሶቹ ቡልቅታ ተሞልቶ ይውላል። ዶክተሩ ሲጠብቁት የኖሩት ሙከራ በእነዚያ ዕንቁላሎች ላይ ነበር የቆመው።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከጠርሙሶቹ አንዱ ጧ ብሎ ተሰነጠቀና ቡልቅታው ቆመ። ዶክተሩ ወደ ጣቢያው ሄደው ነበር። አቶ ይልማ አየሩን የሚነፋውን ሞተር ለማጥፋት ወደ ጓሮ ሲሮጡ ዘይነብ ሌላ ጠርሙስ፣ ሌላ ውታፍና አዲስ ቱቦ አንስታ ተቀመጠች። አሸዋው በዚያ ሙቀት ከደረቀ ያለቀለት ነው። ሆኖም አልተጣደፈችም። አጠገቧ ቆሜ ጠርሙሱን ይዤላት ስለነበር ያየሁትን አውቃለሁ። ቱቦውን አረጠበችው፣ በጨርቅ ጠቀለለችው፣ ከውታፉ አጠገብ ያዘችው፣ አዞረችው። ትንሽ ገባ። ደግማ አዞረችው። ከዚያ ደረቅ ቅርንጫፍ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ።

መጀመሪያ ደም አልነበረም። ዘይነብ መዳፏን ገልብጣ አየችው፤ ቱቦው ከአውራ ጣቷ ሥር ገብቶ በእጇ ጀርባ ብቅ ብሏል። "አስቴር" አለችኝ በጣም ቀስ ብላ፣ "ጣቴ የት ሄደ? አይሰማኝም።" ደሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሆስፒታል ወስደናት ቁስሉን ሰፉላት። ቆዳው ቶሎ ዳነ። ውስጡ የተቆረጠውን ነርቭ ግን ያኔ የሚጠግነው አልተገኘም። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ እንደ ሌላ ሰው ጣት ከእጇ ላይ ተንጠለጠሉ፤ መርፌ ብትወጋቸው አያውቁም፣ ወረቀት እንኳ ቆንጥረው አይዙም። አባባ ዩሱፍ ላቦራቶሪው ድረስ መጥተው አቶ ይልማን ፊት ለፊት ቆመው ጠየቋቸው።

"ልጄ ምን አጥፍታ ነው?"

 "ምንም" አሉ አቶ ይልማ። "ያስተማርኳትን አንድም አላስቀረችም። ጎማው በሙቀት ደርቆ ይሆናል፤ ብርጭቆው ውስጥ የማይታይ ስንጥቅ ኖሮ ይሆናል። እሷ ግን አላጠፋችም።"

"ታዲያ ትምህርቱ ምን ሊሆን ነው?" አሉ አባባ ዩሱፍ። ጥያቄው የቁጣ አልነበረም፤ የእውነት ማወቅ ፈልገው ነው።  ጥፋት ቢኖር ይሻለን እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጥፋት ቢኖር እሱን ይዘን ሁለተኛ እንዳይደገም እንላለን። እኛ ግን የምንይዘው ምንም አልነበረንም።

ዕንቁላሎቹ በዚያው ቀን ደረቁ።

ክረምቱ ገባ። ከደጋ በሚወርደው ዝናብ ደቻቱ ሲሞላ መጋላና ከዚራ ይቆራረጣሉ፤ ጎርፉ ሲጎድል ዘይነብ ጫማዋን በግራ እጇ ይዛ ጭቃውን ተሻግራ ትመጣለች። አቶ ይልማ ናቸው ነይ ያሏት። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ አውጥተው ግራ እጇን ያስተምሯት ነበር፤ እንደ አዲስ፣ ከማጠብ ጀምረው። እኔ መስኮቱ ሥር ሥራዬን እየሠራሁ እሰማለሁ። "ቀስ በይ። እንደገና። ጎበዝ።" ጎበዝ የሚለውን ቃል ደህና በነበረች ጊዜ አንድም ቀን ብለዋት አያውቁም።

ግራ እጇ አልሰማ አላት። ከቀኝ እጇ ተሰጥኦ አንዳች አልወረሰም። ቀኝ እጇ ደግፎ ስለማይይዝላት ቱቦው ይንሸራተታል፣ ወረንጦው ኩብኩባውን ይጨፈልቀዋል። አንድ ቀን ሚዛኑ ላይ ልታስቀምጠው የነበረውን ኩብኩባ ከጨፈለቀች በኋላ ወረንጦውን አስቀመጠች።

"ይብቃን አቶ ይልማ።"

"ጊዜ ይፈልጋል ልጄ።"

"አቦ አውቃለሁ። እርስዎ ግን እጄን ሲያዩ እንዴት እንደሚያዩት አያውቁትም።" ሻርፗን ከትከሻዋ አወረደች። "ድሮ ሰው እጄን ሲያይ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን እንዲታይ አልፈልግም።"

አቶ ይልማ ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡ። ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆመው የታጠበውን ብርጭቆ እንደገና ሲያጥቡ አየኋቸው። ዘይነብ ሻርፗን በእጇ ላይ ጠቅልላ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ደቻቱን ተሻግራ አልመጣችም።

ለእሷ የታሰበው የትምህርት ዕድል ለእኔ ተሰጠኝ። ልነግራት መጋላ ስሄድ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። "ሂጂ እንጂ፣ ሁለታችንም እዚህ እንበስብስ?" አለችኝ። ስሄድ ግን አላቀፈችኝም። ተምሬ ስመለስ ላቦራቶሪው ተዘግቶ፣ ሳጥኖቹም በባቡር ተጭነው ሄደው ነበር። ሻጋታው ማሽላውን ከአንድም አንበጣ አላስጣለም። አቶ ይልማ ወደ አገራቸው ሄደዋል። ዘይነብ ጅቡቲ ተድራለች። እኔ ሆስፒታል ተቀጠርኩና ለብዙ ዓመት ለአዲስ ገቢዎች "አርጥቡት፣ ጠቅልሉት፣ አዙሩት" ስል ኖርኩ። ተማሪዎቼ ይህን ካደረጉ የማይጎዱ እየመሰላቸው ደጋግመው ይጽፉት ነበር። እኔ ማመኑን ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ሌላ የማስተምረው ግን አልነበረኝም።

ካቻምና የዘይነብ የመጨረሻ ልጅ ዘመዶቿን ለመጠየቅ ከጅቡቲ መጥታ፣ እናቷ የልጅነት ጓደኛዬ እያለች ስሜን ታነሳ ስለነበር በሰው በሰው አፈላልጋ ቤቴ ድረስ መጣች። እናቷ ከሞተች ቆይታለች። ጎልማሳ ሴት ናት፤ በአማርኛዋ ውስጥ ሶማሊኛ ይበዛል። ሻይ ቀድቼላት ስናወጋ ስለ እናቷ እጅ አነሳች። "በር ጨፍልቆኝ ነው ትለን ነበር። ብርጭቆ ይወድቅባት ስለነበር ስናድግ ዕቃ አናስይዛትም፤ ልጆች ሆነንም እንስቅባት ነበር። እሷም አብራን ትስቃለች።"

ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ሰማችኝ። "እማዬ?" አለች። "የእኔ እናት? እርግጠኛ ነዎት ሌላ ሰው እንዳልሆነች?"

የማሳያት ፎቶግራፍ የለኝም፤ የምጠራላት ምስክርም የለኝም። እሷ ናት አልኳት። ለማመን ስትሞክር አየኋት፤ ለእኔ ብላ ስትሞክር። ከዚያ መሸብኝ ብላ ተነስታ ጉልበቴን ስማኝ ሄደች። ያቺ ልጅ በእነዚያ ጣቶች ምን ትሠራ እንደነበር በዓይኑ ያየ፣ በሕይወት ያለ ሰው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። የገዛ ልጇን እንኳ ማሳመን አልቻልኩም።