ሐምራዊ የለበሱ ሚዜዎች

በእህቴ በሰናይት ሠርግ፣ ሰው የሚረሳቸው ነገሮች ሁሉ የእኔ ኃላፊነት ነበሩ። መርፌና ክር፣ ሙሽራዋ ሲደክማት የምትቀይረው ነጠላ ጫማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አዳራሽ ውስጥ የሚደረገው ቀለበት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

እንጦጦ ላይ ፎቶ ተነስተን ስንጨርስ ሮጬ የሚዜዎቹ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ቁልቁለቱን ጀምረን ቀና ስል የማውቀው ሰው የለም። ሁሉም ግን እንደ እኔ ሐምራዊ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ለካ የሌላ ሠርግ ሚዜዎች ናቸው፣ ቀሚሱን ሁላችንም ከአንድ ቤት ተከራይተን ኖሯል። ወዲያው መናገር ነበረብኝ። አፈርኩ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ፣ "የሙሽራው እህት ነሽ አይደል? ቁርጥ እሱን!" አለችኝ።

"አመሰግናለሁ" አልኳት።

ጉርድ ሾላ ስንደርስ ጨነቀኝና ለሰናይት ደወልኩላት።

"ሰኒ፣ ቀለበቱ እኔ ጋ ነው። የሌላ ሰው ሠርግ ውስጥ ገብቻለሁ!"

"ምን ነካሽ? ሚዜዎቹን ቆጥረን እኮ ነው የተነሳነው። ሙሉ ናችሁ።"

ከዚያ ከኋላዋ ወደተቀመጡት ሚዜዎች ዞራ መሰለኝ፣ "አንቺ፣ ማነሽ?" ስትል ሰማኋት።

"ይቅርታ" አለ አንድ ቀጭን ድምፅ፤ "ከእንጦጦ ጀምሮ ልነግራችሁ እየሞከርኩ ነበር።"