የቅዳሜው መርዶ

ማርያማዊት የጎረቤቴ የእታለማሁ ልጅ ናት። እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ዓይናችን እያየ አደገች። ዶክተር ትሆናለች ስንል አንዲት ትንሽ የክርስቲያን ኮሌጅ ገብታ ሳይኮሎጂ ያዘች፤ ይኸው ሦስተኛ ዓመቷ ነው። እኔም "ለምክር ደግሞ ሽማግሌ እያለ ኮሌጅ ይገባል?" እያልኩ አበሽቃታለሁ።

ባለፈው ረቡዕ ግን ቀልድ አልነበረም። የእታለማሁ ታናሽ ወንድም ዓምደሚካኤል ደብረ ማርቆስ ማረፉን ሰማን። ከማኅበራችን ሰዎች ጋር መክረን መርዶው ቅዳሜ ንጋት እንዲነገራት ቆረጥን፤ ያን ቀን ሥራ የላትም፣ ቄሱም ይመቻቸዋል፣ ሰውም ይሰበሰባል። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል አልኩ። ለእረፍት የመጣችው ማርያማዊት ብቻ አሻፈረኝ አለች።

"ጋሼ ልሳነወርቅ፣ ይሄ እኮ ፌር አይደለም። ፕሮፌሰራችን ቶሎ፣ በግልጽ ቃል ንገሩ ነው የሚሉት።"

"ፕሮፌሰርሽ ለሐበሻ እናት መርዶ ነግረው ያውቃሉ?" ብዬ ጮህኩባት። እንባዋ መጣ።

ሐሙስ ከሰዓት ደወለች።

"ጋሼ፣ ቶሎ ይምጡልኝ! አሌክሳንድሪያ፣ አንድ ሱቅ ፓርኪንግ ላይ ነን። ነገርኳት። ብቻዬን ልይዛት አልቻልኩም።"

ከኋላ የእታለማሁ ጩኸት ይሰማል።

ወደ አሌክሳንድሪያ የሚያሻግረው ድልድይ በመኪና ተጨናንቋል። መሪውን እየደበደብኩ ልጅቷን ረገምኳት። እታለማሁ ደም ግፊት አለባት፤ አስፋልት ላይ ብትወድቅስ? መርዶ በአንድ ሰው የማይነገረው እኮ ለዚህ ነው። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይደግፋል፣ ሌላው ውኃ ያቀብላል።

ስደርስ እታለማሁ መኪናዋ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች። ማርያማዊት ከኋላ ወገቧን አጥብቃ ይዛታለች፤ ክርኗ ተልጦ ይደማል። አጠገባቸው የወንድ ሹራብና የጉልበት ቅባት ወድቋል። እታለማሁ ለወንድሟ በመንገደኛ ልትልክለት ገዝታው ኖሯል።

"ይበቃው ይሆን ብላ ሹራቡን በእኔ ለካችው" አለችኝ ማርያማዊት። "ከዚያ በላይ መዋሸት አቃተኝ።"

እታለማሁን ላነሳት እጄን ዘረጋሁ። ቀና ብላ አየችኝ።

"አንተም ታውቅ ነበር?"

"ቅዳሜ... ሰው ተሰብስቦ..."

"ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ስልክ አያነሳም ስልህ፣ ኔትወርክ ነው አልከኝ። አምኜህ እየዘፈንኩ ሥራ ገባሁ። ወንድሜ ሞቶ ዘፈንኩ፣ ልሳኔ!"

አፈርኩ። እጄን ሳትነካ የልጇን ትከሻ ይዛ ተነሳች።