አርቪላና የዳገቱ መብራት

አርቪላ ትምህርት ቤት ውስጥ ምግብ ስታበስል ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ያለው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ አሮጌ የከተማ ባቡሮች የምናስጎበኝበት ሙዚየማችን ደመወዝተኛ የለውም፤ ሁላችንም በነፃ ነው የምንሠራው። የአርቪላ ሥራ ደግሞ መጮህ ነው።

ወዳ አይደለም። የመብራት ድርጅቱ የሚያስከፍለን በፈጀነው ልክ ብቻ ሳይሆን፣ በወሩ ውስጥ ከሁሉ አብዝተን በሳብንባት አንዲት ሩብ ሰዓትም ጭምር ነው። በዚያች ሩብ ሰዓት ከተዝረከረክን የወሩ ሂሳብ ሰማይ ይነካል። ስለዚህ አርቪላ ቆጣሪው አጠገብ በርጩማ ስባ፣ የመገናኛ ሬዲዮዋን ጨብጣ ትቀመጣለች። ከሁሉ አብዝቶ መብራት የሚበላው የሐዲዳችን ዳገት ነውና፣ ያለ እሷ ፈቃድ እሱን የሚወጣ ባቡር የለም። እፈራታለሁ፤ እወዳታለሁም።

ከሁሉ አብዝታ የምትቆጣው ባሏን መርልን ነው።

"ቀስ በል! ባቡር ነው የምትነዳው ወይስ የእሳት አደጋ መኪና?"

"እሺ አለቃዬ። ቤትም አንቺ፣ ዳገትም አንቺ!" ይላታል እየሳቀ።

ሰማንያ የሞላው ሾፌር መንዳት ያቆማል፤ ደንባችን ነው። ባለፈው ጥቅምት መርል ሰማንያ ሊሞላው አንድ እሑድ ቀረው።

"አርቪላ፣ አንዴ እንኳ ባቡሩን በሙሉ ኃይሉ ዳገቱ ላይ ላመላልሰው። ዕድሜዬን ሙሉ እንደ ኤሊ ስሳብ ኖርኩ" አላት።

"ወሩን ሙሉ የቆጠብኩት በብርዱ ጋራዡን እንድናሞቅበት ነው። አይሆንም!"

እሑድ ደረሰ። መርል ዳገቱ ሥር ቆሞ "ልውጣ?" ሲል ሁላችንም በየሬዲዮአችን ሰማን። አርቪላ ቆጣሪውን አየች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ።

"ስጠው" አለች በመጨረሻ። "ሙሉውን ስጠው፣ የኔ ጌታ። እስኪበቃህ።"

አሮጌው ባቡር እያጓራ ወጣ፤ ወረደ፤ ደግሞ ወጣ። ቆጣሪው ሲዘል አርቪላ እያየች አለቀሰች። ሩብ ሰዓቷ ስታልፍ ግን ዓይኗን ጠርጋ ሬዲዮውን አነሳች።

"ካፈርኩ አይመልሰኝ! የወሩ ሂሳብ እንደሆነ ተበላሽቷል፤ እናንተ ምን ይገትራችኋል? በየተራ እንዳሻችሁ ውጡ!"

ፀሐይ እስክትጠልቅ እንደ ልጅ ፈነጠዝን።

በብርዱ ወራት ጋራዡን ማሞቅ አልቻልንም፤ ካፖርት ደርበን ባቡሮቹን ስንጠግን ከረምን። ያማረረ አልነበረም። አንድ ቀን መርል "ይሄን ሁሉ ብርድ ያመጣሁባችሁ እኔ ነኝ" ብሎ ጓንቱን ለአርቪላ ሊሰጣት አወለቀ። እሷም ጓንቱን ትታ፣ የቀዘቀዘ እጁን ይዛ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።