ሦስት በከራ

የወሰዱኝ ወልቂጤ ካለው ሱቄ ነው፤ ለግንበኞች ገመድና በከራ እሸጥበት ነበር። ስብሰባ ላይ የተናገርኩትን አንድ ነገር ጠቀሱልኝ። ተናግሬው ነበርና አልካድኩም። ያስገቡኝ ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከሃያ በላይ ስለነበርን የምንተኛው በጎን ነበር። አጠገቤ የሚተኙት ከመስቃን የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ ሳል እንቅልፍ ነስቷቸዋል።

በሁለተኛው ሳምንት የግቢው የጉድጓድ ፓምፕ ተቃጠለ። ለክፍላችን በቀን አንድ ጀሪካን ውሃ ብቻ ሆነ። ሽማግሌው ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት ውዱ ውሃ አጥተው በአፈር ተየሙም ማድረግ ጀመሩ።

በሦስተኛው ቀን ጠባቂዎቹ ስምንት እስረኞች አውጥተው ፓምፑን ከነጎማ ቧንቧው ከጉድጓዱ በገመድ አስጎተቷቸው። ገመዱ መዳፋቸውን ላጠው፤ ፓምፑ ግን ንቅንቅ አላለም። ከበሩ ሆኜ ሳይ አላስቻለኝም።

«ሦስት በከራ ካመጣችሁልኝ አራት ሰው ይበቃል» አልኩ።

የጠባቂዎቹ ኃላፊ ዞር ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ ይሄን የት ተማሩት?»

«ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል።»

በከራዎቹን ከጎረቤት የሕንፃ ሥራ ተዋሱ። ጉድጓዱ ላይ ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ አቁመን ሁለቱን በከራ ከላይ፣ አንዱን ከፓምፑ ጋር አሰርኩ። ከወጥ ቤት ዘይት አስመጥቼ ቀባኋቸው። በሃያ ዓመቴ የልምምድ ጀልባችንን ሸራ የምንሰቅለው በእንጨት በከራ ነበር። ሞራ እንቀባዋለን፤ የሞራና የጨው ሽታ ከእጃችን አይለቅም። አሠልጣኛችን «የሚጮህ በከራ ገመድ ይበላል» ይለን ነበር።

«ሳብ... ያዝ... ሳብ...» እያልኩ እንደ ጥንቱ ስጠራ አራቱ እስረኞች በድምፄ ልክ እኩል ሳቡ። ፓምፑ ጭቃ እንደለበሰ ወጣ።

ወደ ማታ ኃላፊው መጣ። «ከዛሬ ጀምሮ ቢሮው አጠገብ ያለው ክፍል ይተኙ። ፍራሽ አለው።»

«ለአባባ ይሁንላቸው። ሳሉን ትሰማለህ።»

«ለእሳቸው አልተፈቀደም።»

«እንግዲያው እኔም ያለሁበት ይሻለኛል።»

አልተቆጣም፤ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ሽማግሌውን ከነብርድ ልብሳቸው አስጠራቸው። ሲወጡ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «አላህ ይክፈልህ፣ ወንድሜ» አሉኝ።

ከተፈታሁ በኋላ ሰው እስር ቤቱ እንዴት ነበር ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ሳላስበው ስለ ምጽዋ አወራለሁ። ባለቤቴ «የጠየቁህ እኮ ስለ እስር ቤቱ ነው» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን ከባሕር ከተለየሁ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ከዚያ ወዲህ ሰዎች ድምፄን ሰምተው እኩል ሲስቡ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም እዚያ ግቢ ውስጥ።