የፋውስቲኖ አንድ ኩላሊት

ኤርሊንዳ ባሏ ሲያማርራት "ፋውስቲኖ በሬ ቢሆን ኖሮ ሸጬ እገላገለው ነበር" ትላለች። በካሃማርካ ተራሮች ሚኒባስ እየነዳ ነው ያረጀው። ሽንት መጣ ብሎ መኪና ላለማቆም ውሃ የሚባል ነገር በአፉ አይዞርም። ምክር አይሰማ፣ ምላሱ አያርፍ፤ ሰው ከግድግዳ ጋር ቢኖር ይሻለዋል።

ወገቡን ቀስፎ ሲይዘው እንኳ ሐኪም ቤት የሄደው እየጎተተችው ነው። ዶክተር ሱሳና ጎኑን በአልትራሳውንድ ስታስስ የኩላሊት ጠጠር አሳየቻቸውና ሌላኛውን ጎኑን ደጋግማ አየች።

"ዶን ፋውስቲኖ፣ ሲፈጠሩም ያለዎት አንድ ኩላሊት ብቻ ነው። ጠጠሩም ያለው እሱ ውስጥ ነው። ሐሙስ ይምጡ፤ በዚሁ መሣሪያ እያየን በድምፅ ሞገድ እንፈረካክሰዋለን። ኩላሊቱ ከሞተ ግን ተተኪ የለውም።"

ረቡዕ ሕመሙ ተወው። ሐሙስ ጠዋት ኤርሊንዳ ለባብሳ ስትወጣ ባሏ ሚኒባሱን ያጥባል።

"አንተ ሰውዬ፣ አትለብስም እንዴ?"

"ባክሽ ድኛለሁ። ትናንት አዋቂዋ ዶኛ ኢሲዶራ ጋ ሄጄ በኩይ ታሸሁ።"

ኩይ ጓዳ ውስጥ የምትረባ፣ ጅራት የሌላት ትንሽ እንስሳ ናት። አዋቂዋ ከነነፍሷ የበሽተኛው ገላ ላይ ታሻትና አርዳ ሆዷን ትከፍታለች፤ የሰውየው በሽታ እዚያ ይታያል። ኤርሊንዳም ታምንበታለች። ያበገናት ራሷ የምታረባት ጥቁር ኩይ ከትናንት ጀምሮ የት እንደገባች አሁን ስለገባት ነው።

"እርጉዟን ነው የወሰድክብኝ? እሺ፣ ምን አለችህ?"

"ሁለቱም ኩላሊቶችህ ጥርት ብለዋል አለች።"

"ሁለቱም?"

"አዎ፣ ሁለ..." ፋውስቲኖ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለው።

"ዛሬ ሸንተሃል?"

ፋውስቲኖ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ መኪናው ውስጥ ገባ።

መንገዱን ሙሉ ስትወርድበት ሄደች፤ ስለ ውሃው፣ ስለ ኩይዋ፣ ከእናቱ ስለወረሰው ግትርነት። ያ ምላሰኛ መሪውን ጨብጦ ወደ ሐኪም ቤቱ ከነፈ። ዶክተር ሱሳና መሣሪያውን ጎኑ ላይ አሳርፋ ብዙ አየች።

"ጠጠሩ ወርዶ መውጫውን ዘግቶታል፤ ኩላሊቱም አብጧል። ሕመም ጠፋ ማለት ተሻለ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ሽንቱን በቱቦ እናስወጣ፣ ጠጠሩን ከዚያ እንሰብረዋለን። አሁኑኑ ይግቡ።"

በሩ ተዘጋ። ኤርሊንዳ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቁጣዋን ልትቀጥል አፏን ከፈተች፤ የምትቆጣው ሰው የለም። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።