ሆዱን በለው

በሕይወቴ በትክክል የገመትኩት ፍልሚያ ብዙ ነው። ከሁሉም ምነው በተሳሳትኩ የምለው አንዱን ብቻ ነው።

ሥራዬ ቡሬ ውስጥ በአንድ የእህል መጋዘን ሚዛን ላይ መቆም ነው። ገበሬው በቆሎውን አምጥቶ ሲያራግፍ ጆንያውን በሹል ብረት እወጋና መዳፌ ላይ የወረደውን ፍሬ አያለሁ፤ አንዷን በጥርሴ ሰብሬ «ይሄ እርጥብ ነው» እላለሁ። ገበሬው ይምላል፣ ይገዘታል። አልሰማውም። ጆንያው ሚዛን ላይ ሳይወጣ ኪሎውን እናገራለሁ፤ ብሳሳት በአንድ፣ ቢበዛ በሁለት ኪሎ ነው። ውሎ አድሮ ሰውንም በዚያው ዐይን ማየት ለመድኩ። አንድ ሰው በበሩ ሲገባ መጀመሪያ የሚታየኝ ጉድለቱ ነው።

ይሄ ዐይኔ የተከበረልኝ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ኳስ ማሳያ ቤት ነው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ እዚያ እንሰበሰባለን። ድሮ ኳስ ነበር የምናየው፤ አሁን የኛ ነገር ኤምኤምኤ ሆኗል፣ ቡጢውም ርግጫውም ትግሉም የተደባለቀበት ፍልሚያ። ባጃጅ ነጂው፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ ሁሉም አግዳሚው ላይ ተጠጋግቶ ስለሚመጣው ሳምንት ፍልሚያ ይከራከራል። አንዱ ራሺያው ብራዚሉን መሬት ላይ አስተኝቶ ይወቅጠዋል ይላል። ሌላው ብራዚሉ ከታች ሆኖ አንገቱን ያንቀዋል ብሎ ይነሣል። ከሁለቱ አንዱንም በአካል ያየ የለም፤ ሲከራከሩ ግን ሁለቱንም ያሳደጉ ይመስላሉ። ሲደክማቸው ወደኔ ይዞራሉ።

«ገማቹስ ምን ይላል?»

እኔ ማን ያሸንፋል የሚለው ላይ ጊዜ አላጠፋም። የምናገረው ሰውየው የቱ ጋ እንደሚሰበር ነው። «ጉልበቱን እዩልኝ፤ ወደኋላ ሲመለስ ቀኙን ይሰስታል። ሁለተኛው ዙር ላይ እንደ ሽማግሌ ቁጭ ይላል» አልኩ አንድ ጊዜ ስለ አንድ ሻምፒዮን። ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲህ አፌ ሲከፈት ቤቱ ጸጥ ይላል። ሰው እገሌ ያሸንፋል ሲሉት ያዛጋል፤ እገሌ እንዲህ ሆኖ ይዋረዳል ሲሉት አግዳሚውን እየጎተተ ይጠጋል። ይሄን ቶሎ ነው ያወቅሁት፤ ወደድኩትም።

ጓደኛዬ እዚያው እኔ ያለሁበት መጋዘን ጫኝ ነበር። ከጅጋ ወጣ ብላ ካለች መንደር የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ኩንታል ተሸክሞ ሲሄድ ባዶ እጁን የሚሄድ ይመስላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሥራ በኋላ አንድ አሰልጣኝ ግቢ ውስጥ ሲራገጥ፣ ሲወድቅ፣ ሲነሣ ኖሯል። ፍልሚያ ለማየት ከኛ ጋር ይመጣል፤ አስተያየት ስጥ ሲሉት ግን «ሳይጋጠሙማ ምኑ ይታወቃል» ብሎ ያፍራል። አግዳሚው በሙሉ ይስቅበታል። አብዝቼ የምስቀው እኔ ነበርኩ።

ባለፈው ክረምት ፍኖተ ሰላም ላይ የየከተማው ልጆች ሊጋጠሙ ነው የሚል ወሬ መጣ። ከባሕር ዳር አንድ የክለብ አሰልጣኝ መጥቶ አንድ ልጅ መርጦ ይወስዳል ተባለ። ጓደኛዬ ተመዘገበ። ጀርባው እስኪጎብጥ ጆንያ ከመሸከም የሚያወጣው ሌላ በር አልነበረውም፤ ይሄንን እኔም እሱም እናውቃለን። ከዚያ እሁድ ጀምሮ አግዳሚው ፊቱን ወደሱ አዞረ። «ራሺያው እንዲህ ሲይዝህ አንተ ምን ታደርጋለህ?» ይሉታል። ተነሥቶ ያሳያቸዋል። ተማሪው በስልኩ ይቀርጸዋል። እኔን የጠየቀኝ የለም። ቀናሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

ለምድቡ ከስልሳ ስድስት ኪሎ ማለፍ ስለሌለበት በየማለዳው እህል ሳይገባ ሚዛኔ ላይ ይወጣል። ፍልሰታ ሲገባ ስልሳ ስድስት ነበር። በአራተኛው ቀን ስልሳ አራት ሆነ። በስድስተኛው ከስልሳ ሦስትም ወረደ። እኔ ጆንያ ሲጎድል ዝም የምል ሰው አይደለሁም።

«የት እየገባ ነው ሥጋህ?» አልኩት።

«ሆዴን ቆርጦኝ ነው።»

«ውሸትህን ነው። ንገረኝ እንጅ።»

ግራ ቀኙን አየ። መጋዘኑ ውስጥ ከእኔና ከሱ በቀር ሰው አልነበረም።

«እናቴ ክረምቱን ከመደብ አልወረደችም። እግሯ አልታዘዝ ብሏል» አለኝ። «ለእመቤቴ ተስያለሁ። ሱባኤው እስኪያልቅ በቀን አንዴ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ውኃ የነካው ጥሬ ሽምብራ ብቻ።»

«ፍልሚያህ እኮ ሱባኤው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው! እንደው ባይሆን ያን ሳምንት እንኳ ብላ።»

«እሷ ካልተነሣችልኝ ባሸንፍስ ለማን ልነግር ነው?» አለ። ከዚያ ክንዴን ያዘኝ። «ስለት ከተወራ ስለት አይሆንም። ደግሞ ያ የምጋጠመው ልጅ ከሰማ አለቀልኝ። ለማንም እንዳትናገር።»

«ማርያምን አልናገርም» አልኩት።

ቃሌ ሦስት ቀን አልሞላም። ፍልሚያው ስድስት ቀን ሲቀረው፣ እሁድ፣ እሱ እናቱን ሊጠይቅ ወደ አገሩ እንደሄደ እኛ አግዳሚው ላይ ነበርን። ስለ ራሺያውም ስለ ብራዚሉም ተወርቶ አለቀ። ባጃጅ ነጂው «የኛው ልጅ ያሸንፋል፣ በመጀመሪያው ዙር ነው የሚዘርረው» አለ። ሁሉም ተስማማ። ጨርቅ ነጋዴው፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት ሰውዬ፣ ወደኔ ዞሩና «ገማቹ ዝም አልክሳ» አሉ።

«በርትቷል» ብል ይበቃ ነበር። አንዲት ቃል። ግን ቤቱ ጸጥ ብሎ ሲጠብቀኝ ጊዜ ያ የናፈቀኝ ጸጥታ አሰከረኝ። ተነሣሁ።

«እኔ ያንን ጆንያ በየማለዳው እመዝነዋለሁ» አልኩ። «ላይ ላዩን አትዩት። ላዩ ስንዴ ነው፣ ውስጡ ገለባ!»

ሳቁ። አግዳሚው ወደፊት ተጎተተ።

«ለእናቱ ተስሎ ጥሬ ሽምብራ ሲቆረጥም ነው የሰነበተው። እኔ ተጋጣሚው ብሆን መጀመሪያውን ዙር እሸሸዋለሁ፤ ይሩጥ፣ ይድከም። በሁለተኛው... ሆዱን በለውውው! ሆዱ ባዶ ነው! ሽምብራውን አንድ በአንድ ቆጥሮ ያስረክብሃል!»

«በለው» የሚለውን እንደ ሸላይ ጎተትኩት። ባጃጅ ነጂው እስኪያለቅስ ሳቀ። ተማሪው ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ነበር፤ አየሁት፤ እንዲያውም ፊቴን ወደሱ አዞርኩለት። ያልሳቁት ጨርቅ ነጋዴው ብቻ ናቸው።

«የሰው ስለት አደባባይ ይሰጣል እንዴ? ነውር አይደለም?» አሉ።

«እርስዎ ደግሞ! ጨዋታ እኮ ነው» አልኳቸው። ጃንጥላቸውን አንሥተው ወጡ።

ቅዳሜ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ገባን። እሱ ከፊት ወንበር ነበር፤ ዞር እያለ ይስቅልኛል። አዳራሹ ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ዙሪያውን ገመድ ተወጥሯል። የባሕር ዳሩ አሰልጣኝ ጥግ ላይ ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እኔ ከቡሬዎቹ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ተጋጣሚው የዚያው ከተማ ልጅ ነው፤ አጠር ያለ፣ ደንዳና። ደወሉ ሲመታ ሸሸ። ዝም ብሎ ሸሸ። ጓደኛዬ ያባርረዋል፣ ይሰነዝራል፣ አየር ይመታል። ሕዝቡ «ፈሪ!» ብሎ ይጮኻል። የኛ ሰዎች ደስ አላቸው። እኔ ብቻ እግሩን አየሁ፤ የሚሸሸው እግር የፈሪ እግር አልነበረም። አንድ የሚያውቀው ነገር ነበረው።

ሁለተኛው ዙር ሲጀመር የጓደኛዬ ጉልበት ሲከዳው አየሁ። እጆቹ ወረዱ። ያኔ የተጋጣሚው አሰልጣኝ አፉን በሁለት እጁ ከብቦ ጮኸ።

«ሆዱን በለውውው! ሆዱ ባዶ ነው!»

ቃሉ የኔ ነው። አጎታተቱ ራሱ የኔ ነው። ቀረጻው ከኛ ሚኒባስ ቀድሞ ፍኖተ ሰላም ገብቷል።

ጓደኛዬ ሰማ። ወደ ጮኸው ሰውዬ አልዞረም። ዞሮ ያየው እኔን ነው፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል እኔን። ርግጫው ሆዱ ላይ ያረፈው እኔን እያየ ነው።

በጉልበቱ ወደቀ። እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየና አስመለሰው። ምንጣፉ ላይ የወጣው ውኃና ያልተፈጨ ሽምብራ ነበር። አንዱ «ሽምብራው!» አለ፤ ቀረጻውን የሰሙት ሁሉ ተቀበሉት፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። አመለጠኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አላመለጠኝም። ያልኩት ልክ እንዳልኩት ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነው የሳቅሁት። ደስታው አዳራሹን ለቅቄ እስክወጣ እንኳ አልቆየልኝም።

የባሕር ዳሩ አሰልጣኝ ደብተሩ ላይ የሌላ ልጅ ስም ጽፎ ሄደ። ጓደኛዬ ስንመለስ የኋላ ወንበር ላይ ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ ተቀመጠ። ማንም አላናገረው። በማግስቱ ኳስ ማሳያ ቤቱ ስገባ ተጨበጨበልኝ፤ ሻይ ተጋበዝኩ፤ ስለሚቀጥለው ሳምንት ፍልሚያ ምን ትላለህ ተባልኩ። አልኩ። እንዲያውም ከወትሮው የከፋ ነገር ነው ያልኩት፣ ዝም ካልኩ ስለሱ የሚጠይቁኝ መስሎኝ። ጓደኛዬ ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት ደጃፍ አልደረሰም። በከተማው ስሙ ሽምብራው ሆኖ ቀረ፤ ባጃጅ ነጂዎቹ በሱ በኩል ባለፉ ቁጥር ያንኑ ይጠሩታል። ጆንያውን ግን አሁንም ሚዛኔ ላይ ያወጣል፣ ያወርዳል። ሁለት ወር ያህል አንዲት ቃል አላናገረኝም።

ጥቅምት ላይ እናቱ ገበያ መጡ። በሁለት እግራቸው፣ ምርኩዝ ይዘው፣ እየሳቁ። መጋዘኑ በር ላይ ቆመው የልጃቸው ጓደኛ የቱ እንደሆነ ሲጠይቁ ሰዎች እኔን አሳዩዋቸው።

«አንተ ነህ ልጄን በሚዛን የምታግዘው?» አሉኝ። «አምላክ ይስጥህ የኔ ጌታ። በሰው አገር ምስጢሩን የሚያካፍለው ወንድም ማግኘቱ መታደል ነው።»

ልጃቸው ምንም አልነገራቸውም። ፍልሚያውንም፣ ስለቱንም፣ እኔንም።

«እንኳን ለዚህ አበቃዎት እናቴ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ። ጉልበታቸውን ልስም ብዬ እግሬ እምቢ አለኝ።

እሱ ከኋላቸው ጆንያ ተሸክሞ ቆሟል። በባጃጅ ተሳፍረው እስኪሄዱ ጠበቀ። ከዚያ መጥቶ ጆንያውን ሚዛኑ ላይ ዱብ አደረገው።

«ገምት» አለኝ።

የመጀመሪያ ቃሉ ስለሆነ ደነገጥኩ፤ ደስም አለኝ። ጆንያውን አየሁ። «ዘጠና ስምንት» አልኩ።

«ጆንያውን አላልኩህም። ይቅር የምልህ ይመስልሃል ወይስ አይመስልህም? አንተ ገማች አይደለህ? ገምት።»

አፌን ከፈትኩ። ተራ የያዙት ገበሬዎች ያዩናል። ፊቱን አየሁት፤ የቱ ጋ እንደሚሰበር ሳይሆን፣ እንዲያው ፊቱን። የሚነበብ ነገር አጣሁበት። አፌን መልሼ ገጠምኩ።

ላቡ ከአገጩ ላይ እስኪንጠባጠብ ድረስ ጠበቀኝ።

«ዝም ማለትም ትችል ኖሯል» አለ፤ ጆንያውን ከሚዛኑ ላይ አንሥቶ ወደ ውስጥ ገባ።